18 ወር ዕድሜ ልክ አይደለም

«የመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ!» የሚለውን ፖስት ሼር የምታደርጉ ሰዎች፣ በተለይ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ እስቲ አንዴ ቆም በሉ።

መድኃኒቱ አለ፣ ውሸት አይደለም። ሌካነማብ ይባላል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ሙሉ ፈቃድ ሰጥታዋለች። ግን አልዛይመርን አያድንም። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት መባባሱን ትንሽ ያዘገያል እንጂ የጠፋውን ትዝታ አይመልስም።

ዋናው ሙከራ በ1,795 ሰዎች ላይ ለ18 ወር ነው የተካሄደው። መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶው ላይ የአንጎል እብጠት፣ 17.3 በመቶው ላይ የደም መፍሰስ ምልክት ታይቷል። አብዛኛው ሳይሰማቸው አልፏል፤ መድኃኒቱን ሲወስዱ አንጎላቸው ደምቶ የሞቱም ግን አሉ። ከ18 ወሩ በኋላ ክትትሉ የቀጠለው ለዚህ ነው። 10 ዓመት ሲወሰድ ምን ያደርጋል? ገና 10 ዓመት የወሰደ የለም! ሙከራው ደግሞ የተካሄደው በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ነው። አፍሪካ የለችበትም። ደም ግፊቱ ሳይለካ ለሚያረጀው የኛ ሰው ማን ሞከረለት?

«ቡናውንም ከብቱንም ሸጠን ለአባታችን እናስመጣለት ወይ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ኪኒን እኮ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ እንደ ግሉኮስ በደም ሥር የሚንጠባጠብ፣ አንጎል በኤምአርአይ እየታየ የሚሰጥ ነው። ከቦንጋ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምልልሱን አስቡት። ይልቅ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ፣ ታይሮይድ ሲዛባ፣ ድብርት ሲበረታም ሰው ይረሳል። እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

ይሄን ስል የዱቄት ነጋዴዎቹ ደስ እንዳይላችሁ። በቴሌግራም «ከአያቶቻችን የመጣ፣ ምንም ጉዳት የሌለው» እያላችሁ ለመርሳት የምትቸበችቡትን ስንት ሰው ላይ፣ ለስንት ጊዜ አያችሁት? ኮሶን ስንት ዘመን ጠጣን፤ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን እንደሚጎዳ ግን ሐኪሞች ጽፈዋል። እንዶድንም አስታውሱ። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሱበት። ከዚያ በኋላ «ጉዳት እንደሌለው አረጋግጡ» ተብለው ብዙ ዓመት ለፉ። መጓተቱ አንገብግቧቸዋል፤ እኔም እፈርድላቸዋለሁ። ግን ወንዝ ውስጥ የሚጨመር እንዶድ ያን ያህል ከተመረመረ፣ የእናታችንን አፍ ውስጥ የምትጨምሩት ዱቄት ወረቀቱ የታለ? ካላችሁ እዚሁ ኮመንት ላይ ለጥፉት፣ አብረን እናንብበው።