ልጁ አነበበ፤ ምን ገባው?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገር ይንጫጫል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። በየዓመቱ ተከሳሽ ይፈለጋል፦ ኩረጃ፣ ጦርነት፣ የመምህራን ደመወዝ፣ ቲክቶክ። ሁሉም የየራሱ ድርሻ ይኖረዋል። እኔ ግን ከአዳማ ሆኜ ሳየው ክሱ አሥር ዓመት የዘገየ ይመስለኛል። ከወደቁት ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ነው። ያኔ ጮክ ብለው ስላነበቡ ማንም አላወቀባቸውም።

በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። አፋን ኦሮሞም አማርኛም ከስድስቱ ውስጥ ነበሩ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም ጥያቄ አልመለሱም። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ በእርግጥም ያስደነግጣል። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን በ34 እና በ48 መካከል ያሉት ናቸው። ቃል ያነባሉ፣ ነገሩ ግን አልገባቸውም። ማንበብ ያልቻለውን ልጅ መምህሩ በአንድ ቀን ይለየዋል። እነዚህኞቹ ግን ተራቸው ሲደርስ ተነስተው፣ አንብበው፣ ተጨብጭቦላቸው ይቀመጣሉ።

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን በ1986 እ.ኤ.አ. ነገሩን በአንድ ስሌት ጠቅልለውታል፦ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደልን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታ በቋንቋው የመረዳት ችሎታ ሲባዛ ነው። መደመር ቢሆን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍን ነበር። ማባዛት ስለሆነ ግን አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው።

አዳማ ላይ ስሌቱ ይወሳሰባል። በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች የአንዱን ታፔላ ቀና ብላችሁ እዩ፦ አፋን ኦሮሞ በቁቤ (በላቲን ፊደል)፣ አማርኛ በፊደል፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ሞጆም፣ መቂም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ያው ነው። የእነዚህ ከተሞች ልጅ በሦስት ቋንቋና በሁለት ዓይነት አጻጻፍ መካከል ያድጋል። ቤት አማርኛ እያወራ በአፋን ኦሮሞ የሚማር አለ፤ ሰፈር ውስጥ በአፋን ኦሮሞ እየተጫወተ በአማርኛ የሚማርም አለ። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሂሳቡም ባዮሎጂውም ጠቅልሎ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። በዚህ ሁሉ መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር የሚያሳየው ሰው የለም፤ ሁሉም መምህር የየራሱን ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ይወጣል።

ሁለቱ አጻጻፎች መምህርን የሚያሳስቱበት መንገድም የተለያየ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «ገና አልደረሰም» እና «ገና ስለደረሰ በግ ተገዛ» በሚሉት ውስጥ ያለው «ገና» ለዓይን አንድ ነው፤ የሚለየው የገባው ሰው ሲያነበው ብቻ ነው። «ዋና ይችላል» እና «ዋና መንገድ»ም እንዲሁ። ስለዚህ አማርኛን አስተካክሎ ለመጥራት አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ጆሮ ያለው መምህር ልጁ የቱን አጥብቆ የቱን እንዳላላ እየሰማ፣ ገብቶት እንደሆነ ያለ ፈተና ወረቀት ማወቅ ይችላል። ይህን ነፃ መሣሪያ የሚጠቀምበት ስንቱ ነው? አብዛኛው «ጎበዝ፣ ቀጣይ!» ብሎ ያልፋል።

ቁቤ የዚህ ተቃራኒ ነው። ተነባቢ ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል፤ አናባቢ ሲረዝምም እንደዚያው። ምድር እና ለስላሳ ማለት የሆኑት ሁለት የአፋን ኦሮሞ ቃላት በእኛ ፊደል ቢጻፉ ሁለቱም «ላፋ» ይሆናሉ፤ በቁቤ ግን በአናባቢያቸው ብዛት ፍጹም ይለያያሉ። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ጸጋ ነው። ጣጣው ደግሞ እዚያው ነው፦ ሕጉን የያዘ ልጅ አንድም ነገር ሳይገባው ገጹን በሙሉ አሳምሮ ሊያነበው ይችላል። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ የአዳማ ልጅ የአፋን ኦሮሞ ምንባብ ሲያንቆረቁር የሰማ መምህር «ይኼ ልጅ ቋንቋውን ችሏል» ቢል አይፈረድበትም። መጽሐፉን አስከድኖ «ምን ይላል?» ቢለው ግን ዝም ይላል።

እንግሊዝኛው ሲመጣ ነገሩ ወደ ሳቅ ይጠጋል። ቁቤ ሲ የምትባለውን ፊደል ለ«ጭ»፣ ኤክስን ደግሞ ለ«ጥ» ይጠቀምባቸዋል። ቁቤውን በሚገባ የተማረ ልጅ የእንግሊዝኛውን ስድስት ቁጥር «ሲጥ»፣ ሳጥኑን «ቦጥ»፣ ኩባያውን «ጩፕ» ብሎ ሲያነብ ክፍሉ ይስቅበታል። ልጁ ግን አልሰነፈም፤ የተማረውን ሕግ በትክክል ሥራ ላይ አዋለ እንጂ። የጎደለው ፊደሉ ያው፣ ድምፁ ሌላ መሆኑን የነገረው ሰው ነው። የቁቤው መምህርና የእንግሊዝኛው መምህር አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ቢቀመጡ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ይወጣቸዋል፤ በካርቶን ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ለጋሽ ድርጅት መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለ ንባብ በአደባባይ ተከራክረን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በ2009 ዓ.ም. የኦሮሚያ የአንደኛ ክፍል አዲስ የቋንቋ መጽሐፍ የተለመደውን የቁቤ ተራ ትቶ በቋንቋው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመላለሱትን ፊደላት አስቀደመ። ሐሳቡ ልጁ ገና ጥቂት ፊደል እንዳወቀ ቃል መመሥረት ይጀምር የሚል ነበር፤ ለእኔ ጤነኛ ሐሳብ ነው። ክርክሩ ግን ነደደ። ቁቤ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. የተመረጠው ከፊደል በላይ የሆነ ትርጉም ይዞ ነበርና ሰው «ተራው ለምን ተነካ?» ቢል አያስገርምም። የአፋን ኦሮሞ ቀዳሚ ማስተማሪያ መጽሐፍ፣ አስቴር ጋኖና ኦነሲሞስ ነሲብ ያዘጋጁት፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሄደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቁጣውን ይረዳዋል። እኔን ያሳዘነኝ ያ ሁሉ ጉልበት ተራው ላይ መፍሰሱ ነው። ልጁ ፊደሉን በየትኛውም ተራ ቢለይ፣ ያነበበው ይገባዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ድምፅ እምብዛም አልተሰማም።

የቤተ ክህነት መምህራን የተራን ነገር ቀድመው አውቀውታል። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደል ለየ ማለት እንዳልሆነ ስለገባቸው አቡጊዳን ያመጡበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ተራው ተዛብቶ፣ ቤቱ ተቀላቅሎ፣ ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል፣ ዳዊት ይከተላሉ፤ ንባቡም ከቁጥር ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ውርድ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል። ልጁ ዳዊት ሲደግም ግዕዙ አይገባውም፤ ይህ ግን የታወቀ ነገር ነበር። ትርጉሙ ጊዜውን ጠብቆ በትርጓሜ ቤት ይመጣል፤ እዚያ አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ ደጋግመው ይፈቱታል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ሥርዓት በጋራ ማስጮኹን ወሰደ፤ አንድሙን ተወው። የሚገርመው በ1984 እ.ኤ.አ. ፓሊንክሳር እና ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን ልጆች በቡድን ተራ በተራ እንደ መምህር ሆነው እንዲጠይቁ፣ ያልገባውን እንዲያብራሩ፣ ያነበቡትን እንዲያሳጥሩ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እንዲገምቱ አድርገው የመረዳት ችሎታቸው ከፍ ሲል አሳይተዋል። ጎጃም ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በመጽሐፍ ላይ የተከራከረ ተማሪ ይህን ቢሰማ ብዙም አይደነቅም ነበር።

ወደማይታወቅ ቃል ልምጣ፤ ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ነው። ልጆቻችን አዲስ ቃል ሲገጥማቸው ሁለት ነገር ብቻ ያውቃሉ፦ መምህሩን መጠበቅ ወይም መዝለል። ቃሉን መፍታት እንደሚቻል አልተነገራቸውም። «ስለማይመለከታቸው» የሚለው ቃል ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ተራራ ነው። ከፊት «ስለ»ን እና «ማይ»ን፣ ከኋላ «ቸው»ን ሲያነሳ ግን የሚያውቀው «ተመለከተ» ብቅ ይላል። አማርኛ እንዲህ ከሁለቱም ጫፍ ይፈታል። አፋን ኦሮሞ ግን በአብዛኛው የሚረዝመው ከኋላ ነው፦ «ባራታ» ተማሪ፣ «ባርሲሳ» መምህር፣ «ባርኖታ» ትምህርት። «ባር» ከፊት ቆማለች፣ የሚለዋወጠው ጭራው ነው። ስለዚህ የአዳማ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ሲያነብ የቃሉን ጅማሬ እንዲይዝ፣ በአማርኛ ሲያነብ ደግሞ ቃሉን መሃሉ ላይ እንዲፈልግ ሊነገረው ይገባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር ደቂቃ፣ ሰሌዳ ላይ አምስት ቃል። በፈረቃ የሚያስተምር፣ ክፍሉ ጢም ያለበት መምህር እንኳ ይችለዋል።

«ከዐውዱ ገምት» የሚለው ምክር ግን በየቦታው ሳይመረመር ይነገራል። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት መሠረት አንባቢ ያለ እገዛ ጽሑፉ በበቂ ሁኔታ እንዲገባው ከመቶ ቃላት 98ቱን ያህል ማወቅ አለበት። ሁለት ያልታወቁ ቃላትን የቀሩት 98 ያግዟቸዋል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ግን የእንግሊዝኛ ባዮሎጂውን ሲከፍት በየመስመሩ የማያውቀው ቃል ይጠብቀዋል፤ ዐውዱ ራሱ ያልታወቀ ነው። ለዚህ ልጅ «ገምት» ማለት ማፌዝ ነው። የሚያስፈልገው ከትምህርቱ በፊት ስምንት አሥር ቁልፍ ቃላት በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተፈትተው እንዲነገሩት ነው። በእንግሊዝኛ ክፍል የአገር ቋንቋ አይሰማ የሚሉ ርእሳነ መምህራን ይህን ጉዳይ ደግመው ቢያስቡበት ይሻላል።

እውቀትም ቃል ነው። ሬክት እና ሌዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጥተው ነበር። በንባብ ደካማ የተባሉት ግን ጨዋታውን የሚያውቁት ልጆች፣ ንባብ ችለው ጨዋታውን ከማያውቁት በተሻለ ሁኔታ ተረዱት። የወንጂ ልጅ ስለ ሸንኮራ አገዳ፣ የመቂ ልጅ ስለ ሽንኩርት ማሳ፣ የባቱ ልጅ ስለ ሐይቁ ዓሣ ቢያነብ በደንብ በማያውቀው እንግሊዝኛ እንኳ መንገዱን ያገኛል። ከዚያ ተነስቶ ወደማያውቀው ዓለም መሻገር ይቻላል።

ወላጆችም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። ልጃችን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ እንዲዘምርልን የወር ክፍያ ሳንሰስት እንከፍላለን፤ በየትኛውም ቋንቋ ያነበበውን እንዲተርክልን ግን አንጠይቅም። የኦሮሚያ ትምህርት ቢሮም ሆነ የአዳማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሁለተኛ ክፍል ማብቂያ አጭር ምዘና ቢያዝዙ ብዙ ወጪ የለውም፦ አንድ አጭር ታሪክ፣ አምስት ጥያቄ፣ በልጁ የትምህርት ቋንቋ። የጮኸበት አይቆጠር፤ የመለሰው ይቆጠር። ውጤቱ በልጅ ስም ሳይሆን በትምህርት ቤት ደረጃ ይፋ ይሁን።

መልሱንም ልጁ በፈለገው ቋንቋ ይስጥ። በአፋን ኦሮሞ ያነበበውን ታሪክ በአማርኛ አሳምሮ የሚተርክ ልጅ ታሪኩ ገብቶታል፤ በአማርኛ አንብቦ በአፋን ኦሮሞ የሚመልሰውም እንዲሁ። ይህን አይቶ «ቋንቋ ቀላቀልክ» ብሎ ነጥብ የሚቀንስ መምህር ግን ዛሬም በየትምህርት ቤቱ አለ።