ጾም ስናውጅ ያልተናገርነው



ዛሬ የምጽፈው ስለ ምግብና ስለ ሕመም ነው። አንዳንዶቻችሁ «ፓስተር ደግሞ ስለ ጨውና ስለ ሽሮ መስበክ ጀመረ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ከዐሥር ዓመት በፊት እንዲህ የሚጽፍ አገልጋይ ባነብ ኖሮ «ወንጌሉ አልቆበት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾምና ጸሎት አወጅን። ምግብም ውኃም የሌለበት ጾም ነበር። አዋጁን ከመድረክ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ከጾሙት መካከል ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመም ያለባት፣ በየቀኑ ኢንሱሊን የምትወጋ አንዲት እኅት ነበረች። እርሷም «ካልበላሁ ስኳሬ አይጨምርም፤ ስለዚህ መርፌው አያስፈልገኝም፤ ደግሞም በእምነት እወጣዋለሁ» ብላ መድኃኒቱን አቆመች። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ በጸሎቱ መካከል ያስመልሳት ጀመር። ትንፋሿ ጠለቀ፣ ፈጠነም። ንግግሯ ተምታታ። እኛ ምን አደረግን? መንፈስ ነው ብለን ከበብናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ገሠጽን። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ነርስ የሆነች እኅት ከሥራ ዘግይታ መጣች። ጎንበስ ብላ ትንፋሿን አሸተተችና «ይህ ስኳር ነው፤ ቶሎ ባጃጅ ጥሩ» አለች። ከጅሬን ቁልቁል ወደ ጅማ ይዘናት ወረድን። ጌታ ምሕረት አደረገ፣ ተረፈች። ያከማት ሐኪም «እስኪነጋ ብትቆይ ኖሮ...» አለኝና ንግግሩን አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ገብቶኛል።

በኋላ ነርሷ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሰውነታችን ባንበላም ኢንሱሊን ይፈልጋል። ጉበት በራሱ ስኳር እያወጣ ወደ ደም ይልካል፤ ኢንሱሊን ከሌለ ግን ያ ስኳር ወደ ሥጋችን መግባት አይችልም። ስለዚህ ሰውነት የራሱን ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያም የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። የሚያስመልሰው፣ ትንፋሽ የሚያስረዝመው፣ አእምሮ የሚያናውጠው እርሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መርፌውን ወይም አንዳንዱን ኪኒን ወስዶ ምግብ የሚተው ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ያም ሊገድል ይችላል። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ስለ ጾም ዓይነቶች ተምረናል፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን እንደገና አነበብሁ። ጳውሎስ በማዕበል ውስጥ ነው፤ በመርከቡ ያሉት ሰዎች ዐሥራ አራት ቀን ሳይበሉ ቆይተዋል። ጳውሎስ መልአክ ያናገረው ሰው ነው፤ ማንም እንደማይጠፋ የተስፋ ቃል ይዟል። ታዲያ ምን አላቸው? ብሉ አላቸው፤ ለመዳናችሁ ይረዳችኋል ብሎ። የተስፋውን ቃል የያዘው ሰው ራሱ እንጀራውን አንሥቶ አመስግኖ ቆረሰ። እኔ ይህን ክፍል ሠላሳ ዓመት ያህል ስሰብክ ስለ ማዕበሉ ነበር የምሰብከው፤ ስለ እንጀራው አንድ ቀን አልተናገርሁም።

ሌላም አለ። በአንደኛ ጢሞቴዎስ 5፥23 ጳውሎስ ለልጁ ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ የሰጠውን ምክር ታውቁታላችሁ። ወይን የሚል ቃል ስላለበት በእኛ ዘንድ በፍጥነት የሚታለፍ ጥቅስ ነው። ወይኑን ለጊዜው እንተወውና ዋናውን እንይ። ከሰውነቱ የተወሰደ ጨርቅ እንኳ ሕሙማንን ይፈውስ የነበረው ጳውሎስ፣ ለሚወደው ልጁ ስለሚጠጣው ነገር ምክር ጻፈለት። ይህን በማድረጉ እምነቱ አነሰ የሚል ማን ነው?

ሌላው ያሳፈረኝ ጎረቤቴ ነው። ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ጅሬን ውስጥ ስንኖር ዓመታት አስቆጥረናል። በረመዳን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብቼ ምሳ ሲበሉ አገኘኋቸውና ደነገጥሁ። እርሳቸውም ሳቅ ብለው «ፓስተር፣ እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ ሐኪሙ አትጹም ብሎኛል፣ ሃይማኖቴም ለታመመ ሰው ፈቅዷል። በምትኩ ድኻ አበላለሁ» አሉኝ። በነገሩ ሙሉ ሰላም ነበራቸው። ጸጋን እንሰብካለን የምንለው እኛ ግን ለታመመችው እኅታችን ይህን ያህል ቦታ አልተውንላትም።

አሁን ስለ ራሴ። በዚያው ሰሞን ነርሷ «ፓስተር፣ እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ» ብላ ግፊቴን ለካች፤ 165 በ100 ሆነ። ምንም አልተሰማኝም ነበር። ግፊት እንዲህ ነው፣ ሳያም ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር ይጎዳል። ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ከምእመናን ደብቄ እውጥ ጀመር። ስለ ፈውስ የሚሰብክ ሰው ኪኒን ሲውጥ እንዳይታይ! አምስት ወር ያህል ደበቅሁ። ባለቤቴ ናት በመጨረሻ «አንተ ስትደብቅ ሌላው ከአንተ አይቶ ይተዋል» ያለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከዐዋቂዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። አብዛኞቹ እንዳለባቸውም አያውቁም ነበር። ይህን ቁጥር ወደ ራሳችሁ ጉባኤ አምጡት። ሁለት መቶ ዐዋቂዎች በምንሰበሰብበት አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች ማለት ነው።

የግፊት ምክንያቱ ብዙ ነው። ዘርም ዕድሜም አለበት። ጨው ግን ከምንቆጣጠራቸው ትልቁ አንዱ ነው። ጨው ውኃን ይዞ ስለሚያስቀር በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ይበዛል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛስ? በወጡ ጨው፣ በበርበሬው ጨው፣ በዳቦው ጨው። በገጠሩ ደግሞ ቡናው ራሱ በጨው ይጠጣል። እኔ ያደግሁት በዚያ ቡና ነው፤ ሽታው እስካሁን ያስደስተኛል። በከተማው ጨዉ በስኳር ተተካ እንጂ አልተሻልንም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር ብንጨምር ስድስት ማንኪያ ነው፤ 25 ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ለሙሉ ቀን ከዚህ ባይበልጥ የሚለው መጠን በአንድ ቡና ላይ አለቀ። እኔ ደግሞ አገልጋይ ነኝ፤ በአንድ ከሰዓት ሦስት ቤት እጠይቃለሁ። ሦስት ቤት ሦስት ሦስት ሲኒ! «በረካውን ሳይጠጡማ አይሄዱም» ይባላል፤ ማን እምቢ ይላል? ለሠርግ ሲሆን ደግሞ ለስላሳው ይጨመራል፤ በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ቡናው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ የቡና አገር ሰው ሆኜ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ጥፋቱ የምንጨምርበት ነው።

ጨውን ግን ሙሉ በሙሉ አንርገም። በልጅነቴ እንቅርት ያለባቸው እናቶች በየመንደሩ ነበሩ። አንዳንዱ እርግማን ነው ይል ነበር። የጎደለው አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ደጋና ዝናብ የበዛበት አገር አፈሩ ታጥቦ አዮዲኑ ይሄዳል፣ ከዚያ አፈር የበቀለውም እህል አይኖረውም። ነፍሰ ጡር እናት ሲጎድላት የሚጎዳው የጽንሱ አእምሮ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ያዘዘው ለዚህ ነው። እንግዲህ ምክሩ ጨው አትብሉ አይደለም። አዮዲን ያለበትን፣ ጥቂት ብሉ ነው። አንድ ነገር ሲጎድል አንዱን በሽታ፣ ሲበዛ ሌላውን ያመጣል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በጨው ሲመስላቸው ማንም ሰው ጨውን በሳህን ሙሉ አያቀርብም ነበር።

«አባቶቻችን ቅቤና ሥጋ በልተው ዘጠና ዓመት ኖሩ» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ የኖሩ ኖረዋል፤ ያልኖሩትን ግን አልቆጠርናቸውም። ደግሞ ሥጋ የሚበሉት በዓመት ስንት ቀን ነበር? ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታ እስከ ሂርማታ ገበያ ሸክም ይዘው በእግር ወርደው በእግር ይወጡ ነበር። እኛ ያንኑ መንገድ በባጃጅ እንሄዳለን።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። እኛ ወንጌላውያን ምግብ አያረክስም የሚለውን የጌታን ትምህርት በማርቆስ 7 አጥብቀን ይዘናል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን አያረክስም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ጌታ እዚያ የሚናገረው ስለ ልብ ርኩሰት እንጂ ስለ ደም ሥር አይደለም። ከጾም ሥርዓት ነፃ ወጣን ብለን ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሽሮውን የድኻ ምግብ አደረግናቸው፤ በእንግዳ ፊት ማቅረብ አሳፈረን። «ጎመን በጤና» የምንለው ተረት ለካ ቃል በቃልም ይሠራል።

በተቃራኒው ደግሞ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን የአመጋገብ መመሪያ አድርገው የሚሸጡ አሉ። ዳንኤል አትክልት የበላው ክብደት ለመቀነስ አልነበረም፤ እንዲያውም በዐሥር ቀን ውስጥ ሥጋው ወፍሮ ነው የተገኘው። ክፍሉ በባዕድ አገር ለአምላኩ ስለታመነ ልጅ ነው። የጎመንን ጥቅም ለማስረዳት ዳንኤልን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

የታመመውንም ሰው «ሆዳም ስለሆንህ ነው» እንዳንል። ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። በጎንደር ያሉ ሐኪሞች ከገጠር ስለሚመጡ ቀጫጭን፣ ድኻ፣ ወጣት የስኳር ሕመምተኞች ለብዙ ዓመታት ጽፈዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። በማጣትም ይታመማል፣ በማግኘትም ይታመማል። ለሚያጣው ወንድም ስለ ፍራፍሬ መስበክ ስድብ ነው፤ ለእርሱ ስብከቱ የእኛ እህል ነው።

ግን ማጣት ብቻም አይደለም። ማክሰኞ ለት አንዲት እናት ዐሥር እንቁላልና አንድ ከረጢት አቮካዶ ይዛ ወደ ገበያ ስትወርድ አገኘኋት። ስትመለስ የሚረጋውን ዘይትና ብስኩት ይዛ ነበር፤ ብስኩቱ ለልጆቹ ነው። የሚረጋው ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይስማማው የስብ ዓይነት ነው። አልወቀስኋትም፤ ገንዘቡ ለሌላም ይፈለጋል። «ከዐሥሩ ሦስቱን ለልጆቹ ብታስቀሪስ?» አልኋት። «ፓስተር፣ ብስኩቱን እኮ ይወዱታል» አለችኝ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከመቶ 37 ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ እንቁላሉ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተስማምተን የጀመርነውን ልንገራችሁ። ጾም ስናውጅ በዚያው አፍ፣ በዚያው መድረክ ላይ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡና የታመሙ ከምግብ እንዳይጾሙ እንናገራለን፤ ከስልክ፣ ከወሬ፣ ከሌላ ነገር ይጹሙ። ማንም አገልጋይ መድኃኒት አቁም ብሎ ሊናገር አይችልም፤ የተፈወሰ ሰው ካለ ሐኪሙ መርምሮ ያቁምለት፤ ጌታም ለምጻሞቹን ለካህናት ታዩ ብሏቸዋል። ከአምልኮ በኋላ የሚቀርበው ሻይ ያለ ስኳር ይቀርባል፤ የሚፈልግ ራሱ ይጨምራል። በመጀመሪያው እሑድ ማጉረምረም ነበር፤ አንድ ሽማግሌያችን እስካሁን ስኳር በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ያቺ እኅታችን አሁን ደኅና ናት። መርፌዋን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳትደበቅ ትወጋለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ በጉባኤም ፊት ጠይቄያታለሁ። እርሷም ከነርሷ ጋር በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሰዎችን ግፊት ትለካለች። ክፍያ የለውም። ከሌላ አጥቢያም፣ ከጎረቤትም የሚመጣ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤቴ ሽማግሌውም ባለፈው መጥተው ተለክተዋል። ከመለካታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጡ፤ አምስት ደቂቃም አረፍ በሉ።