ለአዲሷ ድመት ሁለት ሳምንት እንስጣት

ጂንካ ውስጥ ድመት ያለው ቤት አንድ ቀን ሁለተኛ ድመት ማምጣቱ አይቀርም። የቀድሞዋ ታረጃለች፣ እህል የተከመረበት ጓዳ ለአንዷ ይሰፋባታል፣ ወይም ልጆች ከጎረቤት አቅፈው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው። ግልገሏን ከጆንያ አውጥቶ ወለሉ መሐል ማስቀመጥ፣ ነባሯ ጸጉሯን አቁማ ስትቆጣ በመጥረጊያ መምታት፣ በመጨረሻም "ተዋቸው፣ ይላመዳሉ" ማለት። እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። አዲስ የመጣች ድመት በመጀመሪያው ቀን ከነባሮቹ ጋር መቀላቀል የለባትም። የራሷ ክፍልና ሁለት ሳምንት ያስፈልጋታል። ይህን የምለው ለድመቶቹ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ለእህላችንና ለልጆቻችን ጤናም ስል ነው።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በደቡብ ኦሞ በእንስሳት ጤና ሙያ ነው። ወደ ሐመርና ወደ በና ወርጄ ከብት ከትቤአለሁ፤ በገንዲ በሽታ የከሳ በሬ አክሜአለሁ፤ በዳሰነች ቆላ ፍየል እየያዝኩ መርፌ ወግቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለአርብቶ አደሩ ደጋግሜ የነገርኩት አንድ ምክር ነበር፤ ከዲመካም ሆነ ከቀይ አፈር ገበያ የገዛሃትን ፍየል በዕለቱ ከመንጋህ አትቀላቅላት፤ ለብቻዋ አቆይተህ ጤናዋን እይ። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ መንጋ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ከገበያ በመጣች አንዲት ፍየል ገብቶ ነው። ቤቴ ውስጥ ለድመት የማደርገውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ድመት ለምን እንደምናሳድግ እናስታውስ። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ሲቆም ከአሪ ደጋ በቆሎው፣ ማሽላው፣ ቡናውና ማሩ ይወርዳል። የከተማው ሰው አቅሙ የቻለውን ያህል እህል ገዝቶ ጓዳው ውስጥ ያከማቻል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ሌሊት አይጥ ኮርኒሱ ላይ ስትሮጥ ያልሰማ የጂንካ ነዋሪ የለም። አይጥ የምትበላው እህል አንድ ነገር ነው፤ በሽንቷና በፋንድያዋ የምታበላሸው ደግሞ ሌላ። አንዳንዱ ሰው የአይጥ መርዝ ይገዛል። መርዙን የበላች አይጥ ግን ስትንገዳገድ በድመት ትያዝና ድመቷም ትሞታለች፤ ዶሮም ሊለቅመው፣ ሕፃንም ሊነካው ይችላል። ከዚህ ሁሉ ጤናማ ድመት ትሻላለች። ድመት ግን አይጥ የምትይዘው በቤቱ ስትረጋጋ ነው። በፍርሃት አልጋ ሥር የምትውል ግልገልም፣ ከእሷ ጋር ስትጣላ የምታድር ነባርም እህል መጠበቅ አይሆንላቸውም።

ጥሉ ከየት ይመጣል? ድመት እንደ ውሻ በመንጋ የኖረ ዘር የላትም። የቤት ድመት ሁሉ የተገኘችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ይህች እንስሳ ዛሬም በኦሞ ሸለቆ የሣር ምድር ትኖራለች። ብቻዋን ታድናለች፤ ድንበሯን የምታውቀውና የምታስከብረው በጠረን ነው። የቤት ድመት ጉንጯን ከበር መቃንና ከወንበር እግር ጋር የምታሻሸው፣ እግራችን ሥር የምትሽከረከረው ስለዚህ ነው። ጉንጯ፣ ግንባሯና የእግሯ መዳፍ የራሷን ጠረን ይተዋሉ፤ ቤቱም እሷ የምታውቀው ቤት የሚሆነው በዚያ ጠረን ነው። እንግዳ ጠረን ያላት ድመት በድንገት ወለሉ ላይ ስትገኝ ነባሯ የምታየው ሰርጎ ገብ ነው። በዚያ ሰዓት መምታት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም ነባሯ ዱላውን ከግልገሏ ጋር አያይዛ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ግልገሏ በታየች ቁጥር ሕመሙ ይታወሳታል።

አንዲት ጎረቤቴ ዘንድ ያየሁትን ልናገር። ነባሯ ድመት ጥሩ አይጥ አዳኝ ነበረች። ግልገል መጣችና በመጀመሪያው ምሽት ሁለቱ በአንድ ሳህን እንዲበሉ ተደረገ። ነባሯ ምግቡን ትታ ወጣች፤ ከዚያም ቤቱን ጨርሳ ለቀቀች። በኋላ የድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አካባቢ፣ ከሥጋ ቤት የሚጣል ትርፍራፊ ስትለቅም አየኋት። ግልገሏም ለመኝታ እንጂ ለአይጥ አልሆነችም፤ ጓዳው ያለ ጠባቂ ቀረ።

ግልገሏ አይጥ አለመያዟም ምክንያት አለው። ከእናቷ የተለየችው ገና አንድ ወር ሲሆናት ነበር። የድመት እናት ልጆቿ አንድ ወር ገደማ ሲሆናቸው መጀመሪያ የሞተ፣ ቀጥሎም ያልሞተ አይጥ አምጥታ ታስተምራቸዋለች። እንዴት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚነከስ ከእሷ ያያሉ። ከወንድምና ከእህቶቻቸው ጋር ሲታገሉ ደግሞ ጥፍራቸውን መሰብሰብና ሲነክሱ መጠንቀቅ ይለምዳሉ። ይህ ትምህርት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። ስለዚህ ድመቱ የወለደችለት ሰው "ውሰዱልኝ" ብሎ ዓይናቸው እንደተገለጠ ባይበትናቸው፣ የሚወስደውም ሰው ሁለት ወር ሳይሞላ ባይቀበል ለሁሉም ይበጃል። ሁለት ወር ከእናቷ ጋር የቆየች ግልገል አዲስ ቤት ስትገባ ከሌላ ድመት ጋር የመኖርን ሥርዓት ይዛ ትመጣለች።

አሁን እንዴት እንደሚደረግ እንመልከት። እኔ ቤት ሁለት ነባሮች አሉ፤ አሮጊቷ ውሮና ልጇ ዳመና። ባለፈው በልግ ከአሪ ደጋ፣ ከአንድ ቡና አምራች ወዳጄ ጓሮ አንዲት ቢጫ ግልገል መጣች። በቅርጫት እንደመጣች ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ጓዳ ውስጥ የተዘጋጀላት ነገር በማንም ቤት የሚገኝ ነው፤ የሚያሞቃት አሮጌ ጋቢ፣ የምትደበቅበት በጎኑ የተቀደደ ካርቶን፣ ውሃ፣ እንዲሁም ደረቅ አሸዋ የተሞላ አሮጌ ሳፋ ለመጸዳጃ። ብዙ ሰው ግልገሏን በገመድ አልጋ እግር ላይ ያስራታል። ይህን አልደግፍም። የታሰረች ድመት መሸሽ እንደማትችል ስለምታውቅ ፍርሃቷ ይጨምራል፤ ገመዱም አንገቷ ላይ ሊጠብቅ ይችላል። የተዘጋ በር ከገመድ ይሻላል።

ነባሮቹ በሩ ሥር አሽትተው ፉ አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም፤ ቁጣቸው ተገቢ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ጠረን ተለዋወጡ። በጨርቅ የግልገሏን ጉንጭ አሽቼ ጨርቁን ውሮ የምትተኛበት አጠገብ አኖርኩ፤ የውሮንም ለግልገሏ። ውሮ መጀመሪያ ጨርቁን ሸሸች፤ በኋላ ተሻግራው አለፈች፤ በመጨረሻም ላዩ ላይ ተኛች። ምልክቱ ይህ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ምግብ ነው። የተቀቀለ ሳንባ በሩን መሐል አድርጌ ለሁለቱም ወገን አቀርባለሁ፤ መጀመሪያ ከበሩ ራቅ አድርጌ፣ ቀጥሎ እያቀረብኩ። የሌላዋ ጠረን ሲመጣ ምግብም አብሮ ስለሚመጣ ጠረኑ መጥፎ መሆኑ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በሩ በስንጥቅ ይከፈትና ይተያያሉ፤ ቀጥሎ ሰው ባለበት ለአጭር ጊዜ ይገናኛሉ። ጆሮዋን አጥፋ፣ ዓይኗን አፍጣ የምታይ ድመት ካለች በሩ ተመልሶ ይዘጋል፤ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ነው። የሚጣደፍ የለም።

አብረው መኖር ሲጀምሩም ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ሳህን ያስፈልጋል፤ ሳህኖቹም ተራርቀው ይቀመጡ። ውሃው በሁለት ቦታ ይሁን። ከፍ ያለ ቦታ፣ ቆጥም ሆነ መደርደሪያ፣ ነባሯ ወጥታ የምታርፍበት ይኑር። ነባሯ እንደ ቀድሞው ቀድማ ትብላ፣ ቀድማም ትዳሰስ። ስለ ምግቡ አንድ ነገር ላክል፤ ወጥ የነካው እንጀራ ለድመት አይሰጥ። ቀይና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያፈርሳል። ወተትም አብዛኞቹን የጎለመሱ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ ውሃ ይበቃቸዋል።

ሁለቱ ሳምንት ለሰላም ብቻ ሳይሆን ለጤናም ናቸው። ግልገል ቁንጫ፣ የሆድ ትልና ጭርት ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ጭርቱ ወደ ልጆችም ይተላለፋል። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት ቫይረስ ደግሞ ግልገሎችን በብዛት ይገድላል፤ በተበከለ ወለልና ጨርቅ ላይ ለወራት ይቆያል። በሽታው ያለባት ግልገል ምልክቱን የምታሳየው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ክትባት በሌለበት ቤት መድኃኒቱ መለየት ነው።

ሳይለዩ መቀላቀል ምን እንደሚያመጣ ይህች አገር ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ያስገቧቸው ከብቶች የደስታ በሽታን ይዘው መጡ። እንደሚገመተው የአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙ አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋና ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ተከተለ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ነው። አንዲት ድመት እንዲህ ያለ መዓት አታመጣም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። አዲስ እንስሳ ተለይቶ ይቆያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው በአብዛኛው ውሻ ነው፤ ድመትም ግን በበሽታው ትያዛለች፣ በንክሻዋም ታስተላልፋለች። ሁለት ድመቶች ሲጣሉ የሚገላግለው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ስለዚህ የሚነከሰውም ልጅ ነው። ድመት የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ሳይዘገይ ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የድመቷን ሳፋም በየቀኑ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው የቶክሶፕላዝማ ተሕዋስ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ትተው፤ በፅንሷ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። ድመት ታቅፎ ክሊኒክ የመጣ ሰው ሲሳቅበት አይቻለሁ። "በሬ እየሞተ ድመት ይዘህ መጣህ?" ይባላል። ሥራችን ከብትና ፍየል ላይ ማተኮሩ ትክክል ነው፤ የቆላው ሕዝብ ኑሮ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን የውሻ ክትባት ዘመቻ በሚወጣበት ቀን ድመት ይዞ የመጣውንም ማስተናገድ ተጨማሪ ዘመቻ አይጠይቅም። ሦስት ወር የሞላት ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ትችላለች። ይህን ለነዋሪው በገበያ ቀን መንገር ብቻ ብዙ ይረዳል።

"ዳሰነች በኦሞ ሙላት እየተፈናቀለ፣ ቆላው በድርቅ ከብቱን እያጣ ስለ ድመት ትጽፋለህ?" የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ክብደት አለው። መልሴ ግን እኔ የጠየቅኩት ገንዘብ አለመሆኑ ነው። አንድ በር፣ አንድ አሮጌ ሳፋ፣ አንድ ጨርቅና ትዕግሥት ብቻ ነው። በችግር ጊዜ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ጣሳ በቆሎ ዋጋ አላት፤ እሷን ከአይጥ የምትጠብቀዋ ድመት በሰላም ትኑር ማለት ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ድመታችሁ የወለደችላችሁ፣ ግልገሎቹን ሁለት ወር ሳይሞላቸው አትስጡ። የምትወስዱም፣ ቤታችሁ ነባር ድመት ካለ አዲሷን በተለየ ክፍል ለሁለት ሳምንት አቆዩ፤ ነባሯን አትምቱ፣ አዲሷን አትሰሩ። ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቡ። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም ድመት ይዞ የመጣን ሰው በአክብሮት ተቀበሉ።