ቆፋሪው በናሙናው ውስጥ የለም

የወባ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቤት ነው። ቀበሌ ይመረጣል፤ ቤቶች በዕጣ ይወጣሉ፤ መረጃ ሰብሳቢው በር አንኳኩቶ አጎበር አለ ወይ፣ ትናንት ማታ ከሥሩ ማን አደረ ብሎ ይጠይቃል። ለእናቶችና ለሕፃናት የሚናቅ ዘዴ አይደለም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላይ ግን ትልቅ ቀዳዳ አለበት። ወርቅ ፍለጋ ኩርሙክ፣ ሸርቆሌ ወይም መንጌ የወረደው ሰው በሩ ሲንኳኳ የለም፤ የሚያድረው ላስቲክ በወጠረበት ዳስ ነው። ግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል ግድግዳ ለሌለው ምን ይፈይድለታል? ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይቋጥራል፤ የአገራችን ዋነኛ ወባ አስተላላፊ ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ እንዲህ ያለውን ፀሐይ የሚያገኘው ኩሬ ትወዳለች። ከቤት ውጭም፣ ሰው ገና ሳይተኛም ትነክሳለች።

ከደጋ የመጣው ቆፋሪ የባሰ ተጋላጭ ነው፤ ሰውነቱ ወባን አልለመደም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ወደ ደጋማ አካባቢዎች ሲወጣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺሕ ገደማ እንደሞተ ይገመታል። ዛሬ መድኃኒቱም ምርመራውም ሌላ ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ቆፋሪው ትኩሳቱን ይዞ አገሩ ሲገባ የሚቆጠረው እዚያ ነው፤ የተነከሰበት ጉድጓድ በማንም ሠንጠረዥ ላይ አይገባም።

በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ቆፋሪውን ለማጥናት ከማንም ይቀርባል። «ቆፋሪ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው፣ ናሙና አይወጣለትም» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ቤቱ ባይታወቅ የሚሰበሰብበት ቦታና ሰዓት ይታወቃል፦ ጠዋት በገበቴ የሚያጥብበት ወንዝ ዳር፣ ማታ ወርቁን የሚያስመዝንበት ገዢ ዘንድ። በቦታና በሰዓት ናሙና መውሰድ ለተንቀሳቃሽ ሰዎች ሌላው ዓለም የሚሠራበት ስልት ነው። ፈቃድ የሌለው ቆፋሪ ይሸሻል የሚለው ስጋት ከዚህ ይከብዳል፤ እውነትም ነው። ስለዚህ ስም አይጻፍ፤ ጣቱን የወጋው ተመራማሪ ወባ ካገኘበት መድኃኒቱን እዚያው ይስጠው።

«አደጋው ይታወቃል፣ ገንዘቡ ለጥናት ሳይሆን ለአጎበር ይዋል» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይማርካል። ግን የትኛው አጎበር? ባለ አራት ማዕዘኑ የሚሰቀልበት ማገር ለሌለው? ጉድጓዱን መድፈን ይሻላል ወይስ ዳሱ ድረስ ሄዶ መርምሮ ማከም? ይህን ሳያውቁ ማደል ማባከን ነው። ደግሞ ቆፋሪውን አንዴ ያገኘ ጥናት ስለ ሜርኩሪም ይጠይቀዋል። ሜርኩሪ የሚጠቀም ሰው የወርቁንና የሜርኩሪውን ድብልቅ በጨርቅ ጨምቆ ጣሳ ላይ ያቃጥለዋል፤ ወርቁ ሲቀር እንፋሎቱን የሚተነፍሰው እሱና አጠገቡ ያለው ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ የሜርኩሪ ስምምነት ድብልቁን በሜዳ ማቃጠል እንዲቀር ይላል።

ውጤቱም በእንግሊዝኛ መጽሔት እስኪታተም፣ ለማዕረግ ዕድገት እስኪቆጠር አይጠበቅ። የወባው ወቅት መስከረም ሳይገባ ሁለት ገጽ በአማርኛ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለቆፋሪውም በበርታኛ የሚነገር ቢደርስ፣ መጽሔቱ ቢዘገይ ማን ይጎዳል?