ሽቦ አይዘፍንም

ጎበዝ፣ ዛሬ ስለ ስፒከር ሽቦ እናውራ። «ስንት ጉዳይ ባለበት አገር ስለ ሽቦ?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፦ ከደሞዙ እየቆነጠረ አጠራቅሞ «ሙዚቃ በወግ ልስማ» ያለ ወጣት በቀላሉ ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን ሲገዛ ተጠያይቆ፣ ተከራክሮ፣ ሦስት ሱቅ ዞሮ ነው። ሽቦው ጋ ሲደርስ ግን ክርክሩ ያልቅና እምነት ይጀምራል።

እምነቱ የራሱ ቀኖና አለው። ሽቦው በተወደደ ቁጥር ድምፁ «ይከፈታል»። የብር ሽቦ ቀጭኑን ድምፅ ያጠራል፣ የመዳብ ሽቦ ቤዙን ያሞቃል። ስለዚህ ስፒከሩ ከጮኸ በመዳብ ይለዝባል፣ ከደበዘዘ በብር ይበራል። የተለያየ ፋብሪካ ሽቦ መቀላቀል ደግሞ ነውር ነው፤ ከሲዲ ማጫወቻው እስከ ስፒከሩ ሁሉም የአንድ ቤት ልጅ ካልሆነ ሙዚቃው አይስማማም።

እኔ የምለው፣ ኤሌክትሪክ ማርካ ማንበብ የጀመረው መቼ ነው? ቤዝ ያነሰው ሰውስ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችውን የቤዝ ቁልፍ ለምን ተሠራች ይላል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የስፒከር ሽቦ ሥራ አንድ ነው፤ አምፕሊፋየሩ የላከውን ሳያባክን ማድረስ። የሚያባክነው ደግሞ የራሱ ሬዚስታንስ ነው። ኤሌክትሪሻኖች ለቤት ሶኬት የሚዘረጉትን ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ እንውሰድ። ስፒከሩ 5 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ ሄዶ መመለሻው 10 ሜትር ነው። የዚህ ሁሉ ሬዚስታንስ 0.07 ኦም ገደማ ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር አጠገብ ሲቆም 1 በመቶ አይሞላም። በድምፅ ቅናሽ ሲተመን ከ0.1 ዴሲቤል ያንሳል። ይህን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ካለ ሐኪም ቤት ሳይሆን ሙዚየም ነው የሚያስፈልገው። የተለመደው መመዘኛ የሽቦው ሬዚስታንስ ከስፒከሩ 5 በመቶ አይለፍ የሚል ነው፤ በሳሎኖቻችን ስፋት ባለ 1.5 ሽቦም ይህን በደንብ ያሟላል።

«ሒሳቡን ተወውና ጆሮ ምን አለ?» ላላችሁ፣ ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1983 ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ሞንስተር የተባለውን ወፍራም ኬብል፣ ተራ የመብራት ገመድና አንድ በጣም ቀጭን ሽቦ አሰለፈ። አድማጮች የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳይነገራቸው ለብዙ ሰዓታት ሰሙ። በሙዚቃ ወፍራሙን ኬብል ከመብራት ገመዱ መለየት አልቻሉም። ሁለቱ ግን ከቀጭኑ ሽቦ የተሻሉ መስለው ታዩ። ሒሳቡም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ውፍረት ይቆጠራል፣ ስም አይቆጠርም።

«እኔ ግን ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚለውን ሰው ውሸታም አልለውም። ጆሮ ብቻውን አይሰማም፤ ዓይንም ኪስም ያግዙታል። ብዙ ብር የወጣበት ነገር ጥሩ እንዲሆን ማን የማይመኝ አለ? ድምፁ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ካለ ደግሞ «ጠራ» ብለን እናልፋለን። ስለዚህ ጓደኛችሁን ጥሩ። ሳታዩ ሳንቲም እየወረወረ ሽቦውን ይቀያይር፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም አያድርግ፣ እናንተ 10 ጊዜ መልሱ። በግምት ብቻ 9 ወይም 10 የማግኘት ዕድል ከመቶ አንድ ያህል ነው። ካገኛችሁ ያን ጊዜ እንነጋገር።

ሽቦ ምንም አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። ገበያው ውስጥ ከላይ መዳብ የለበሰ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ወፈር ተደርጎ ከተገዛ ይሠራል፤ ወንጀሉ በመዳብ ዋጋ መሸጡ ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፣ ከሥሩ ነጭ ብረት ብቅ ካለ ታውቋል። በእጅ ሲይዙትም ይቀላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሁለተኛ፣ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩ ከኔጌቲቭ ይግባ። በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ፣ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባልና ቤዙ ይጠፋል። አዲስ ሽቦ ገዝቶ «ቤዙ መጣልኝ» ከሚለው ሰው ስንቱ ሳያውቀው ያቺን የተገለበጠች ጫፍ አቃንቶ ይሆን?

ሦስተኛ፣ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ይጠንቀቅ። ከመርፌው የሚመጣው ሲግናል ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ሽፋኑ ደካማ የሆነ ገመድ የቤቱን መብራት እየሰበሰበ «ምምምም» ይላል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመራቸው ሸክላዎች አንዱን ያገኘ ሰው፣ ሸክላው በገመድ ጩኸት ሲታፈን ማየት የለበትም። በደንብ የተሸፈነ አጭር ገመድ ይግዛ፣ የግራውንድ ሽቦዋንም አይርሳ።

መቀላቀሉን በተመለከተ ያለ ሐሳብ ቀላቅሉ። ከአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ የተረፈው ባለ ቢጫ ጫፍ የምስል ገመድ እንኳ ድምፅ አሳምሮ ያስተላልፋል። የግራና የቀኙ ውፍረትና ርዝመት ይመሳሰል፣ ቀዩ ጫፍ ቀኝ መሆኑ ይታወቅ፣ የዛገ ጫፍ ይጽዳ፣ አለቀ። ዲጂታል ገመድ ደግሞ ወይ ያደርሳል ወይ ይቆራርጣል፤ «ሞቅ ያለ» የሚባል የለውም።

ድምፅ የሚለውጠው ስፒከሩና ክፍሉ ነው። ስፒከሮቹን ከማዕዘን አውጥታችሁ ከመቀመጫችሁ እኩል አርቋቸው፣ ባዶው ወለል ላይ ምንጣፍ ጣል አድርጉ። በነፃ የሚገኘው ለውጥ ከውድ ሽቦ ሁሉ ይበልጣል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ለሁለት ሜትር ገመድ ሳንደራደር የምንከፍል ሰዎች፣ በገመዱ የምናጫውተው ዘፈን ግን ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ ነው። ባለ ገመዱ በልቷል፤ ዘፋኙ፣ ጊታር መቺው፣ አቀናባሪው ምንም አላገኙም። ሽቦ አይዘፍንም። ገንዘቡ ለሚዘፍነው ይድረስ።