የውሰት ቁጥርና የመጽሐፍ ዋጋ

ኮሃን የመሰሉ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሮች እያንዳንዱ መጽሐፍ ስንት ጊዜ ለውሰት እንደወጣ በቅጽበት ያሳያሉ። ይህ ስብስብን ለመገምገም ታላቅ እገዛ ቢሆንም፣ የሚወገደውን መጽሐፍ በውሰት ቁጥር ብቻ መለየት ግን ስሕተት ነው።

በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት አንድም ጊዜ ለውሰት እንዳልወጡ አመልክቷል። ይሁንና የውሰት መዝገብ በንባብ አዳራሽ ተነብቦ ወደ መደርደሪያው የሚመለሰውን መጽሐፍ አይቆጥርም።

በነቀምቴ ደግሞ የፊደል ጉዳይ ይጨመርበታል። በዚህች ከተማ በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኦኔሲሞስ ነሲብ የተረጎሙትና በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ነው። የዛሬው ተማሪ የሚፈልገው በቁቤ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በካታሎጉ በአንድ ፊደል ብቻ ከተመዘገበ ፈላጊው አያገኘውም፤ ሪፖርቱም «ዜሮ» ይላል። ጉድለቱ የምዝገባው ሆኖ ሳለ ፍርዱ በመጽሐፉ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ወለጋ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአካባቢው ያሉ ተቋማት ከማስወገዳቸው በፊት አርእስትን በሁለቱም ፊደላት መመዝገብ፣ ኮሃ የሚፈቅደውንም የአዳራሽ ውስጥ ንባብ ምዝገባ መጠቀም ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ዝርዝር በቤተ መጻሕፍት ባለሙያና በትምህርት ክፍል መምህራን ይመርመር። ሶፍትዌሩ ያልተዋሰውን ይጠቁማል፤ ያልተዋሰበትን ምክንያት የሚያጣራው ግን ሰው ነው።