ወርቅና ወህኒ ቤት

በመርካቶ በራጉኤል ዙሪያ የሚውል ነጋዴ ሕግ ባይማር እንኳ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ዕቃ ወደ ተሻለ ዋጋ መሄዱን ነው። የወርቅንም ነገር ከዚህ የተለየ ሁኖ አላገኘነውም።

የከበሩ ማዕድናትን ከሕግ ውጭ ማዘዋወር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 651ም ለግብይቱ ሥርዓት አበጅቶለት ነበር። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ ጭማሪ ቢከፍልም ሒሳቡ በይፋው ምንዛሪ ሲሆን፣ የድብቁ ገዥ በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ያሰላ ስለ ነበረ፣ ብዙ ወርቅ ድንበር ተሻገረ። የወህኒው ፍርሃት አላስቀረውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 በጀት ዓመት ለባንኩ የቀረበው ወርቅ በብዙ እጥፍ አደገ። በእርግጥ የዓለም ዋጋ መናሩም አግዞአል።

እንግዲህ ቅጣት ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ወንዝ በሜርኩሪ የሚመርዘውን የተሻለ ዋጋ አይመልሰውምና ለእርሱ ዳኛ ያስፈልገዋል። በገበቴ አሸዋ አጥቦ ጥቂት ግራም ያገኘውን ቆፋሪ ግን ከትልቁ አሻጋሪ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ አይመስለንም።

ለመሆኑ ይህ ቆፋሪ ፈቃድ ልጠይቅ ብሎ ቢመጣ፣ በየወረዳው ያለው ወጣት ሹም ስንት ቀን ያመላልሰው ይሆን?